በአየር ላይ የጠራሁት ስም

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግር ሁልጊዜ የምጀምረው ከመሀሉ ነበር። «አንድ የማይታወቅ ሰውዬ ደውሎ አሳሳተኝ» ብዬ እጀምራለሁ፤ እነሱም «አይ ሰው!» ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል፤ እኔም ተበዳይ መስዬ ሻዬን እጠጣለሁ። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው ልጀምረው። ከመጀመሪያው ሲጀመር በዳይዋ እኔ ነኝ፤ ይህን ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

ሰብለ እባላለሁ። ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ አቅራቢ ነበርኩ። ማራኪ የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ታክሲ ውስጥ ገብቼ «ወራጅ አለ» ስል ሰው ዞር ብሎ «አንቺ የአውጫጭኟ አይደለሽም?» ይለኝ ነበር። ታዲያ ልቤ እንዴት ያብጥ እንደነበር ምን ልበላችሁ! አንዳንዴ መውረጃዬ ሳይደርስ እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ ረዳቱን አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ ሰው እንዲያውቀኝ።

ፕሮግራሜ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። «አውጫጭኝ» ብዬ የሰየምኩት እኔው ነኝ። በአገራችን ከብት ሲሰረቅ ወይ የእህል ክምር ሲቃጠል፣ የመንደሩ ሰው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እየማለ ይናገራል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ሥራ አይሠራም። ያንን ነው ወደ ሬዲዮ ያመጣሁት። የተበደለ ይደውላል፤ ያየ ይደውላል፤ ነገሩ ይወጣል። እንዴት ያለ ሸጋ ሐሳብ ነው አልኩ ለራሴ። ሌሎችም እንዲሁ አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው።

አልተማርኩም እንዳልል ተምሬአለሁ። የመገናኛ ብዙኃን ሕጉን አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምሬ ጥሩ ውጤት ያመጣሁ ሰው ነኝ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላለውን ሰው ሌባ ማለት እንደማይቻል፣ ስሙ በክፉ የተነሳ ሰው በዚያው ፕሮግራም መልስ የመስጠት መብት እንዳለው በቃሌ እወጣው ነበር። እንዲያውም አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ይህንን የማስረዳው እኔ ነበርኩ፤ ያውም ጣቴን እየቀሰርኩ።

ጊዜው ግንቦት ነበር። ደምቢያ ላይ እርሻው ተጀምሯል፤ ሠርጉም በየሰፈሩ ነው። በአንዱ ማክሰኞ እትዬ የሺ የተባሉ ሴት ደወሉ። ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሁለት የእርሻ በሬዎቻቸው ከበረት ጠፍተዋል። «እጄ ተቆረጠ ልጄ፤ መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነው» ብለው አለቀሱ። እኔም አየር ላይ አለቀስኩ። «ያያችሁ ተናገሩ! ዝም አትበሉ!» አልኩ።

ሐሙስ ስልኩ ጠራ።

«ሄሎ፣ አውጫጭኝ ነው?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ስሜ ይቆይ። የየሺን በሬዎች የነዳቸውን ሰው አውቀዋለሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኛ ድምፅ ለአድማጭ የሚደርሰው ጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ነበር። ቴክኒሻናችን ዳንኤል ከመስታወቱ ማዶ አንድ ቀይ ቁልፍ አለው፤ ሊተላለፍ የማይገባው ነገር ከተነገረ ያንን ሲጫን ንግግሩ አድማጭ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ዳንኤል ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ አየኝ። እኔ እጄን አንስቼ «ተወው» አልኩት።

«ማን ነው? ከነአባቱ ስም ይንገሩን እንጂ፣ በደፈናውማ አይሆንም!»

«ፈንታ ይባላል። ፈንታ አይቸው። የየሺ ጎረቤት ነው።»

«ሲነዳ አይተውታል?»

«አገር ያውቀዋል።»

አይታችኋል? ማየቱን ጠየቅሁት፤ እሱ «አገር ያውቀዋል» አለኝ፤ እኔም መልስ እንዳገኘ ሰው አለፍኩት። ዳንኤል አሁንም እያየኝ ነው፤ አሁንም ጊዜ ነበረኝ። እኔ ግን ማይኩን ጠጋ ብዬ «እንግዲህ አያ ፈንታ ዘንድሮ በአራት በሬ ሊያርሱ ነዋ!» አልኩና ሳቅሁ። «አያ ፈንታ፣ የሚሰሙን ከሆነ ይደውሉልን፤ በራችን ክፍት ነው» አልኩ። ይህቺን ብዬ ሕጉን የጠበቅሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ተጨናነቀ፤ ሁሉም ስለ ሌባ ያወራል። ስሙን በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ጠራሁት። በኋላ ቅጂውን ሰምቼ አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ።

አርብ ጠዋት የጥበቃው ጋሽ በላይ ደወለልኝ። «አንድ ሽማግሌ አንቺን ይፈልጋሉ። ከደምቢያ ነው የመጣሁት ይላሉ» አለኝ። የሚጮህ፣ የሚሳደብ ሰው ጠብቄ ወረድኩ። ቀጠን ያሉ፣ ጋቢያቸውን በወጉ ያጣፉ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ለጥበቃው አስረክበው ቆመዋል።

«እንደምን አደርሽ ልጄ? ፈንታ እኔ ነኝ» አሉኝ።

እንግዳ መቀበያው ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ እንዴት ደስ ባለኝ!

«ትናንት ስሜን ስትጠሪው እርፍ ጨብጬ ነበር» አሉ። «የየሺን መሬት እያረስኩላት። በሬዎቿ ከጠፉ ወዲህ በእኔ በሬዎች ነው የማርስላት። እሷ ማሳው ዳር ሬዲዮዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ስሜ ሲነሳ በሬዎቹን አቆምኳቸው። ተያየን። አንቺ ስለ አራት በሬ ስትናገሪ 'አያ ፈንታ፣ ፍታቸውና ውጣልኝ' አለችኝ። ፈትቼ ወጣሁ።»

ምን ይባላል? ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

«ያንን ሰውዬ አምናው እንዳይመስልሽ። እሷ ያመነችው አንቺን ነው» አሉኝ።

«እኔ እኮ ይደውሉልን ብዬ ነበር» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ተማሪ ድምፅ ሆኖብኝ።

«ስልክ የለኝማ። ይኸው በእግሬ መጣሁ። ልጄ ጥሩወርቅ የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ትዳራለች። የወንዱ ወገኖች ትናንት ማምሻውን ሰው ላኩብኝ። ነገሩ እስከ ረቡዕ ካልጠራ ሠርጉ ይቅር ነው የሚሉት። እና ማክሰኞ እኔም ልናገር። በዚያው ሰዓት፤ ያው የሰማው ሰው ይስማኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁሽ።»

ሕጉን አያውቁትም፤ ነገር ግን የጠየቁኝ ሕጉ ያለውን ልክ ነው። በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ዓይኔን በጨው አጥቤ «ነፃ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፖሊስ ወይም ከቀበሌ ያምጡ» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ? ያ ሰውዬ ደብዳቤ አምጥቶ ነው የተናገረው?»

«አሠራራችን ነው» አልኩ። እንዲህ የሚባል አሠራር አልነበረንም። እዚያው ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ነው። እሳቸው ግን ቢሮ ያለ ሰው የሚናገረውን የሚያከብሩ ናቸውና «እሺ፣ ይሁን» ብለው ዱላቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ማክሰኞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከጎናቸው አያ ደስታው የሚባሉ የመንደራቸው ሽማግሌ አሉ።

«ደብዳቤው ተገኘ?» አልኩ።

«ሁለቱም ጋ ሄድኩ። 'አልተከሰስክም፤ ላልተከሰሰ ሰው ምን ብለን እንጻፍ?' አሉኝ። እውነታቸውን ነው» አሉና ፈገግ አሉ። «አያ ደስታውን አመጣሁልሽ። አገሬው ያከብረዋል፤ እሱ ይመስክርልኝ።»

«እሺ፣ ይጠብቁኝ፤ ሰዓት ከተገኘ አስገባችኋለሁ» ብዬ ስቱዲዮ ገባሁ።

ኃላፊያችን ቀደም ብሎ «ያ ሽማግሌ መልስ ይሰጣል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ጨርሼዋለሁ» ብዬው ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን የማካፍለው ሰው የለኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ፈራሁ። እኚህ ሰው ማይክ ፊት ቁጭ ብለው በዚያ በተረጋጋ ድምፃቸው ስለ እርሻው ከተናገሩ፣ ሰው ሁሉ ሰብለ ተሳሳተች ይላል። ታክሲ ውስጥ ዞር ብሎ የሚያየኝ ሰው በሌላ ዓይን ያየኛል። ይህ ብቻ ነበር ምክንያቴ። የአንዲት ልጅ ትዳር በአንድ ወገን፣ የእኔ ታክሲ ውስጥ መታወቅ በሌላ ወገን።

የዚያን ቀን ስለ ከተማው የውሃ መቆራረጥ አወራን። ደዋይ ሲያልቅብኝ ራሴ ጥያቄ እየፈጠርኩ አስረዘምኩት። በበሩ መስታወት በኩል አግዳሚው ይታያል። አያ ፈንታ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው ያዩኛል። አየር ላይ ስንሆን የምትበራው ቀይ መብራት በጠፋች ቁጥር ሊነሱ ይላሉ፤ ስትበራ ይቀመጣሉ። ሰዓቱ አለቀ።

«ይቅርታ፣ ደዋይ በዛብን። ሐሙስ ይምጡ» አልኩ።

«ቀጠሮዬ ረቡዕ ነው ብዬሽ ነበር እኮ ልጄ።»

አያ ደስታው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አያ ፈንታ ክንዳቸውን ያዝ አድርገው «ተዋት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» አሏቸው። ደረጃውን ተደጋግፈው ወረዱ።

ሐሙስ የመጀመሪያው ደዋይ እትዬ የሺ ነበሩ። «ልጄ፣ በሬዎቼ ተገኙ! ሌላ ወረዳ ገበያ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው ሲሸጣቸው ተያዘ» አሉ።

እልል አልኩ! አየር ላይ። «እንኳን ደስ አለዎት! አድማጮቻችን፣ ይህ የአውጫጭኝ ፍሬ ነው!» አልኩ። ሬዲዮው በሬዎቹን በማግኘቱ ውስጥ ቅንጣት ድርሻ አልነበረውም። የገበያው ዘብ ነው የጠረጠረው።

«ደስታው ይቆየኝ ልጄ» አሉ እትዬ የሺ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ የደወልኩት አያ ፈንታን በሁሉም ፊት ይቅርታ ልጠይቀው ነው። ትናንት የልጁን ሠርግ አፈረሱበት። ያን የመሰለ ሰው፣ እኔና አንቺ ነን...»

«እኔና አንቺ» ሲሉ ለዳንኤል በጣቴ አንገቴ ላይ አሳየሁት፤ ቁረጠው። አልነካውም። መስታወቱን በመዳፌ መታሁት። ያኔ ቀዩን ቁልፍ ተጫነው። የእትዬ የሺ ይቅርታ ለማንም ሳይደርስ ቀረ። ሙዚቃ ገባ።

ዳንኤል ማዳመጫውን አውልቆ ወደ እኔ ክፍል መጣ። ሥራ ከጀመርን ጀምሮ እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«ባለፈው ሐሙስ ሰውዬው ሌባ ሲባል ተወው አልሽኝ። ዛሬ ሌባ አይደለም ሲባል ቁረጠው አልሽኝ። ሰብለ፣ ከእንግዲህ የትኛውን ልስማሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ቀን ሙዚቃው ሳያልቅ ወጣሁ፤ ቀሪውን ሌላ ሰው ጨረሰው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ግን ለአያ ፈንታ አልነበረም ያለቀስኩት። ዳንኤል ስላየኝ ነው። ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ደምቢያዋ ከተማ ወደ ኮላ ድባ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። መንደሩ ስደርስ ወንዶች ዳስ ያፈርሳሉ። በነጋታው ሠርግ ሊደገስበት የነበረው ዳስ ነው። አንዲት ልጅ ከሥር ቆማ የሚያወርዱትን ቅጠል ትሰበስባለች። አያ ፈንታን ስጠይቃት ድምፄን ሰምታ ቀና አለች።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ ፕሮግራምሽን እወደው ነበር» አለችና ቅጠሏን ይዛ ሄደች። ጥሩወርቅ እሷ ነበረች።

መምጣቴ ሲሰማ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። አያ ፈንታ አሉ፤ እትዬ የሺ አሉ፤ አያ ደስታው መሀል ላይ አሉ። እኔ መቅረጫዬን አወጣሁ። «ይቅርታዬን እዚሁ ቀርጬ ማክሰኞ...» ብዬ ሳልጨርስ አያ ደስታው «እሱን ወደ ቦርሳሽ መልሺውና ተቀመጪ» አሉኝ። መለስኩና ተቀመጥኩ።

«ፈንታ ሰረቀ ብሎ ማን ነገረሽ?»

«አንድ ደዋይ።»

«ስሙ?»

«አልነገረኝም።»

«ስምህ ማን ነው አላልሽውም?»

«ስሜ ይቆይ አለኝ፤ እሺ አልኩት።»

«አየሁ አለሽ?»

«አገር ያውቀዋል ነው ያለኝ።»

አያ ደስታው ወደተቀመጠው ሰው ዞሩ። «አገሩ ይኸውና» አሉ። «ፈንታ ሲሰርቅ የሚያውቅ ይናገር።»

ማንም አልተናገረም። አንዲት ሴት ሳለች። የዚያ ዝምታ ርዝመት! በሬዲዮ ሦስት ሰከንድ ዝም ከተባለ ተበላሸ ተብሎ ይደወላል። እዚያ ግን አያ ደስታው አንዱን ሰው ከሌላው እያስከተሉ፣ ሁሉንም ፊት ለፊት አይተው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«የፕሮግራምሽን ስም የወሰድሽው ከእኛ አውጫጭኝ ነው አሉ» ሲሉ ወደ እኔ ተመለሱ። «በእኛ አውጫጭኝ የሚወራበት ሰው እዚሁ ይቀመጣል። የሚናገረው ዓይኑን እያየ ይናገራል፤ እሱም እዚያው ይመልሳል። የማይምል አይናገርም። አንቺ ሰውየውን ኮሪደር ላይ አስቀምጠሽ ስሙን ብቻ አስገባሽው።»

ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅሁ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ፤ «አጠፋሁ፣ አውቄ ነው ያጠፋሁት» ብቻ አልኩ። አያ ፈንታ ራሳቸው መጥተው በክንዴ አነሱኝ። «በቃ ተነሺ ልጄ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል» አሉኝ። ምነው ቢመቱኝ!

ከዚያ እኔ ነኝ የለመንኳቸው፤ የወንዱ አባት ጋ ውሰዱኝ፣ በአፌ ልንገራቸው አልኩ። አያ ደስታውና እትዬ የሺ የወንዱ ቤተሰብ ወዳለበት ወንዙን አሻግረው ወሰዱኝ። አያ ፈንታ ከወንዙ ወዲህ ቀሩ። የሙሽራው አባት በክብር ተቀበሉን፤ አስቀመጡን፤ እስክጨርስ ሰሙኝ። እትዬ የሺም በሬዎቼ ተገኝተዋል፣ ሌባውም ታስሯል አሏቸው።

«እናውቃለን» አሉ ሰውየው።

«ታውቃላችሁ?»

«ፈንታ እንደማይሰርቅማ መጀመሪያም እናውቃለን። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን?» አልኩ፤ ድምፄ ሳላውቀው ከፍ አለ።

መሬት መሬት እያዩ መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኛ እናውቃለን። ዘመዶቻችን ግን ከጭልጋም ከዳባትም ነው የሚመጡት። ሁሉም ሰምቷል። ሙሽራዋ ስትገባ 'የዚያ በሬዲዮ የተባለው ሰው ልጅ' እያሉ ሊያንሾካሹኩ ነው። ለእያንዳንዱ ማን እየዞረ ያስረዳ? አንቺ ትዞሪለታለሽ?»

እንደምዞር ነገርኳቸው። እሳቸውም በትሕትና አመሰገኑኝ። መልሳቸው ግን አልተለወጠም።

ሳይመሽብኝ መመለስ ነበረብኝ። አያ ፈንታ እስከ መኪና መንገዱ ሸኙኝ። የወንዱ አባት ያሉትን ስነግራቸው እንግዳ አልሆነባቸውም። «ማክሰኞ ስቱዲዮ ይምጡ፤ ሙሉ ሰዓቱ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። «የፈለጉትን ይናገሩ። ባይመጡም ስምዎን ጠርቼ፣ አልሰረቁም ብዬ፣ ደጋግሜ እናገራለሁ።»

ቆሙ። «አንድ ነገር ልለምንሽ?»

«ይለምኑኝ።»

«ከእንግዲህ በክፉም በደግም ስሜን አትጥሪው።»

«አያ ፈንታ፣ ካልጠራሁትማ ሰው ማን እንደሆነ በምን ያውቃል? ማስተባበያው...»

«ያልሰማ ሰው ይኖራል እኮ» አሉኝ። «አልሰረቀም ብትዪ ያ ያልሰማው ሰው ምን ሊሰርቅ ነበር ይላል። እንደ ጥንቱ ይሁንልኝ፤ የሚያውቀኝ ይወቀኝ።»

ማክሰኞ ይቅርታ ጠየቅሁ። ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ የደብዳቤውን፣ የአግዳሚውን፣ የተቆረጠውን ስልክ። ስም አልጠራሁም። ሰው እየደወለ «ስለ ማን ነው የምታወሪው?» ይለኝ ነበር። ፕሮግራሙ በዚያው ተዘጋ፤ ራሴ ነኝ እንዲዘጋ የጠየቅሁት። ከወራት በኋላ ጣቢያውንም ለቀቅሁ። ጥሩወርቅ ክረምቱን አሳልፋ ኮላ ድባ አክስቷ ጋ መግባቷን ከእትዬ የሺ ሰማሁ። አግብታ እንደሆነ አላውቅም፤ የመጠየቅ ፊት የለኝም።

ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ እናንተ ጋዜጠኛ ላትሆኑ ትችላላችሁ። ግን ዛሬ በሁላችሁም ኪስ ስልክ አለ፤ የሰው ስምና ፎቶ ይደርሳችኋል፤ «ሌባ ነው፣ ለሌላውም አስተላልፉ» ይላል። ያኔ እባካችሁ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህ ሰው የት ተቀምጦ ነው ይህ የሚወራበት? ሕግ የማያውቅ ሰው አጠፋ ብዬ እንዳልጽፍ፣ ሕጉን አውቅ ነበር። ያልነበረኝ ነገር አንድን ሰው ለአንድ ሰዓት አጠገቤ አስቀምጦ የመስማት ድፍረት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፈንታ የእሳቸው ስም አይደለም፤ ጥሩወርቅም የልጃቸው አይደለም። አየር ላይ የጠራሁት ሌላ ስም ነው፤ እዚህ የጻፍኩት ሌላ። እውነተኛውን ስም እስከ አያታቸው አውቀዋለሁ። ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ከእጄ አምልጦኝ ጽፌው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ደልዤዋለሁ።